በአንዲት ሜሞሪ ካርድ የተቀመጠ ቅኔ

ይህን የምጽፈው አንድን ነገር በአንድ ቦታ ብቻ ማስቀመጥ ስሕተት መሆኑን ዘግይቼ ስለተማርሁ ነው። ጽሑፉንም በሁለት ደብተር ገልብጬዋለሁ፤ አንዱ ሞጣ በተከራየሁት ቤት፣ ሁለተኛው ቢቸና በአባቴ ሣጥን ውስጥ ይገኛል።

አባቴ የቅኔ መምህር ናቸው። እኔንም ስላስተማሩኝ እንደ ሌሎቹ ተማሪዎቻቸው «የኔታ» እላቸዋለሁ። ከመጻሕፍት ቀጥሎ የሚወዱት ነገር ቢኖር በሬዲዮ የሚተላለፍ የቴክኖሎጂ ዜና ነው። ሞጣ አስተማሪ ሆኜ ከተቀጠርሁ ወዲህ፣ ቢቸና በሄድሁ ቁጥር ገና ጫማዬን ሳላወልቅ የሳምንቱን ዜና ያቀርቡልኛል፤ ፍርዱንም አስቀድመው ጨርሰውት ይቆያሉ። ስልክን የሚመዝኑት በሦስት ነገር ነው፦ መብራቱ መንገድ ያሳያል ወይ? ከደረት ኪስ ወድቆ ይነሣል ወይ? ቅዳሜ ቻርጅ ተደርጎ ሰኞን ያያል ወይ? የእርሳቸው ባለ ቁልፍ ስልክ ሦስቱንም ስለሚያሟላ ሌላው ሁሉ ከንቱ ውዳሴ ነው።

አንድ ጊዜ አዳዲስ ስልኮች ያለ ቻርጀር መሸጥ መጀመራቸውን ሰምተው ጠበቁኝ።

«ቁልፉን አስቀርቶ ጓጉንቸር የሚሸጥ ነጋዴ አይተህ ታውቃለህ?»

«ለአካባቢ ጥበቃ ብለን ነው ይላሉ፣ የኔታ።»

«የኪሳቸውን አካባቢ ነው የጠበቁት።»

ሌላ ቀን ደግሞ፣ «ግጥም የሚገጥም ማሽን መጣ አሉ። መምህሩ ማን ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። ሰው ከጻፈው ሁሉ እንደተማረ ነገርኋቸው። ጥቂት አሰቡበትና፣ «ከማን እንደተማረ ስም መጥራት የማይችል ተማሪ እኛ ዘንድ ቢመጣ ከፊደል እናስጀምረዋለን» አሉ።

እንዲህ እያሉ ሲያጫውቱኝ ትንፋሻቸው እያጠረ መምጣቱን አስተዋልሁ። ቅኔ በሥርዓቱ አንድ ጊዜ ብቻ ይባላል፤ ለዛሬው በዓል የተቀኙት ለሚቀጥለው አይደገምም፣ የራስንም መድገም ነውር ነው። የኔታ የራሳቸውን ቅኔ በወረቀት አስፍረው አያውቁም። ስለዚህ በቤተ ክርስቲያን ሲቀኙ ከኋላ ቆሜ በስልኬ እንድቀዳቸው ለመንኋቸው። ሳምንት ሙሉ ሲያወጡ ሲያወርዱ ቆይተው ፈቀዱ።

«ነገር ግን በአንድ ቦታ ብቻ ይቀመጥ። አንድ ጊዜ የተባለውን ሁለት እንዳታደርገው።»

«ቃሌ ነው፣ የኔታ።»

ሜሞሪ ካርዱን የገዛሁት ሞጣ ገበያ አጠገብ ከሚሠራ ስልክ ጠጋኝ ነው። ከአያቶቹ ጀምሮ በሞጣ ሲነግዱ የኖሩ የሙስሊም ቤተሰብ ልጅ፣ የእኔም ባልንጀራ ነው። የኔታ ሊጠይቁኝ ሲመጡ ከእኔ ቤት ይልቅ የእሱ ሱቅ ይመቻቸዋል።

«የኔታ፣ አንድ ንክኪ ስልክ ላስይዝዎት እንጂ!» ይላቸዋል።

«ሳልነካው የሚደውል ስልክ ምን ያደርግልኛል? ባለፈው የአንተን ብይዘው አማትህ ጋ ደወለ።»

«እሱስ ጥፋቱ የስልኩ ነው፤ ሰላምታው ግን ጠቅሞኛል» ብሎ ያስቃቸዋል።

ስለ ሜሞሪ ካርድ የነበረው አስተያየት ግን ቀልድ አልነበረበትም። «መምህር፣ ይህን ነገር አትመነው። ዛሬ ያነባል፣ ነገ ‹ፎርማት ላድርግ ወይ?› ይልሃል። አምጣው፣ ኮምፒውተሬ ላይ ልገልብጥልህ።» ለአባቴ የገባሁትን ቃል ነገርሁት። «እንግዲያው ምን እላለሁ» ብሎ ተወው።

ሁለት ዓመት ቀዳሁ። በትንሽ ማስታወሻ ደብተርም ቃሉን ሳልጽፍ፣ ጉባኤ ቃና፣ መወድስ እያልሁ የቅኔውን ዓይነት ብቻ መዘገብሁ። ከዚያ በኋላ የኔታ ቆመው ለመቀኘት ትንፋሽ አነሳቸው፤ አሁን በዓል ሲደርስ ተቀምጠው የተማሪዎቻቸውን ያዳምጣሉ።

ባለፈው ክረምት ስልኬ ዝናብ ገብቶበት ተበላሸ። ካርዱን አውጥቼ ወደ ጠጋኙ ሮጥሁ። በሦስት ስልክና በኮምፒውተሩ ሞከረው፤ በሁሉም ባዶ ሆኖ ታየ።

«ሌላ ቦታ በእውነት የለም?»

«የለም።»

ካርዱን በመዳፉ ይዞ አቀረቀረ። «አንድ ቀን ስልክህን እዚህ ትተህ ሻይ ልትጠጣ ሄደህ ነበር። ያኔ በስውር ልገለብጠው ኬብሉን ሰክቼ ነበር። የየኔታን ቃል ፈራሁና መልሼ ነቀልሁት።»

ቢቸና ሄጄ ሁሉንም፣ የጠጋኙንም ነገር ሳልደብቅ፣ ለአባቴ ነገርኋቸው። የሚቆጡ መስሎኝ ነበር። እርሳቸው ግን እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ።

«ከሁለታችሁ አንዳችሁ እንኳ አታምፁም?» አሉ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ።

«ለትንሣኤ ከተቀኙት አንዱን ብቻ ይድገሙልኝ፣ የኔታ።»

«አይሆንም፣ ልጄ። ተብሏል፤ አልፏል።»

ሬዲዮኑ ስለ አንድ አዲስ ስልክ እያወራ ነበር። እጃቸውን ዘርግተው ዘጉት።

«ስንት ነበሩ?» አሉኝ።

ማስታወሻዬን አውጥቼ አነበብሁላቸው።

ጉባኤ ቃና፣ አሥራ ስምንት።
ዘአምላኪየ፣ አሥራ አንድ።
ዋዜማ፣ ሰባት።
ሥላሴ፣ አምስት።
መወድስ፣ ስምንት።
በድምሩ፣ አርባ ዘጠኝ።