ባሮሎን ሞልቼ የቀዳሁበት ሳምንት

ዌስተን፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ

በጥቅምት ወር ኮሌጃችን ስድስት የሆቴል አስተዳደር ተማሪዎችን ከአንዲት መምህራችን ጋር ለአንድ ሳምንት ወደ ሰሜን ጣልያን ላከን። የተላክነው ባሮሎ የሚባለውን፣ ለዓመታት ተቀምጦ የሚበስለውን ቀይ ወይን ጠጅ በተወለደበት አገር እንድናይ ነው። ከስድስታችን አንዱ ደግሞ የወይኑ ለቀማ እስኪያልቅ እዚያው ወር ሙሉ እንዲቆይ ይመረጣል ተብሏል። እኔ የሄድኩት ለመመረጥ ነው። የምፈራውም አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ከስድስቱ አንዷ የሆነችውን የአክስቴን ልጅ ሩትን።

በሰፈራችን በዌስተን የኤርፖርቱን ባቡር ስንጠብቅ እናቴ የጃኬቴን ዚፕ እየዘጋች፣ «ከሩት እንዳትለይ፤ እሷ ብልህ ናት» አለችኝ።

«እኔስ?»

«አንተማ አንባቢ ነህ። እንደደረስክ ኮል አድርግልኝ።»

ሩት ሰምታ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

ወደ ኮረብቶቹ

ከሚላን በአውቶቡስ ሁለት ሰዓት ያህል ተጓዝን። መጀመሪያ ሜዳው የሩዝ ማሳ ነው፤ ከዚያ ኮረብቶቹ ይጀምራሉ። ቁልቁለቱ ሁሉ በወይን ረድፍ ተሸፍኗል፤ ፀሐይ በማያገኘው ጎን ደግሞ ለውዝ መሳይ ፍሬ የሚሰጡ ዛፎች ተተክለዋል። ሸለቆውን ጉም ሞልቶታል። የባሮሎ ወይን ዘር ነቢዮሎ የተባለው ጉም ከሚለው የጣልያንኛ ቃል ተነስቶ እንደሆነ እንደሚነገር አንብቤ ስለነበር፣ መምህራችን እንድትሰማ ጮክ ብዬ ተናገርኩ። መምህራችን ግን ወደ ፊት እያየች ነበር። ሩት ከሾፌሩ ጋር በጣልያንኛ ታወራለች። እኛ ከተማ ሴንት ክሌር መንገድ ላይ ባለ የጣልያኖች ዳቦ ቤት ሁለት ዓመት ስትሠራ የለመደችው ነው። ሾፌሩም ቡና በአንድ ዩሮ ከሃያ ወደሚሸጥበት የገበሬዎች ቤት ወሰደን።

«ሩት ባትኖር ምን እንሆን ነበር?» አለች መምህራችን። ቡናው ጥሩ ነበር፤ ግን አልጣመኝም።

ለቀማ

ያስተናገዱን ሲኞር ፒዬትሮ የሚባሉ ሰማንያ ያለፋቸው ባለ እርሻ ናቸው። ሦስት ቀን ሙሉ ዘለላ በመቀስ ስንቆርጥ ዋልን። እጃችን በጭማቂው ተጣበቀ፤ ጭቃው ጫማችን ላይ ተጋገረ። እኔ ከሁሉም በፊት እየደረስኩ የሩትን ቅርጫት ከራሴ ጋር አስተያይ ነበር። እኔ በለጥኳት። ሽማግሌው ግን ረድፉ ጫፍ ላይ ቆመው ከእሷ ጋር ይስቃሉ።

ምድር ቤቱ

አርብ ዕለት ሲኞር ፒዬትሮ ከበር የሚረዝሙ የእንጨት በርሜሎች ወደተደረደሩበት ምድር ቤት አስገቡን። ባሮሎ ለሽያጭ ከመውጣቱ በፊት ከሦስት ዓመት በላይ ይቆያል። እሳቸው ያመጡት ጠርሙስ ግን ከእኔ ዕድሜ ብዙም አያንስም። የሟች ሚስታቸው የመጨረሻ ለቀማ ነው አሉ፤ ከዚያ ዓመት የቀረውም ይኸው አንዱ ነበር።

«ናሆም፣ አንተ ቅዳ» አለችኝ መምህራችን።

ሰዓቴ ደረሰ ብዬ ተነሳሁ። በእኛ ቤት አጉድሎ መቅዳት ስስት ነው፤ ለታላቅ ሰው ደግሞ አፍ እስከ አፍ ነው። ጎንበስ ብዬ በሁለት እጄ የሲኞር ፒዬትሮን ብርጭቆ ሞላሁ። የመምህራችንን ሞላሁ። ሦስተኛው ላይ ጠርሙሱ አለቀ፤ አተላውም አብሮ ወረደ። አምስት ባዶ ብርጭቆ ቀረ።

ሽማግሌው ባዶውን ጠርሙስ ያያሉ።

ሩት ተነስታ በጣልያንኛ አንድ ነገር ነገረቻቸው፤ እጇን ከብርጭቆው አፍ ጋር አስተካክላ አሳየቻቸው። አዳመጧት። ቆይተው ሳቁ፤ ከብርጭቆአቸው ለአምስታችንም ትንሽ ትንሽ አካፈሉን። የደረቀ ጽጌረዳና የእርጥብ አፈር ሽታ አለው።

«ምን አልሻቸው?» አልኳት።

«እኛ ዘንድ የሚያከብሩትን ሰው ብርጭቆ አያጎድሉም አልኳቸው። ዝም ብለህ ጠጣ።»

በማግሥቱ የተመረጠችው ሩት ናት። የእኔ ስህተት የመናገር ዕድል ባይሰጣት ኖሮ እያልኩ ሌሊቱን ሙሉ ስብሰለሰል አደርኩ።

እሑድ ጠዋት አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል ሩት ወደ ጎን ጠራችኝ። «ከከፋህ እተወዋለሁ። የምሬን ነው።»

«ተይው» ልላት ፈልጌ ነበር። «ከፍቶኛል» አልኳት። «አንቺ ግን ቆዪ።»

ዌስተን፣ እሑድ

እናቴ ገና በሩ ላይ፣ «ሩት ምን አድርጋ ነው የተመረጠችው?» አለችኝ።

ጣልያንኛ ስለምትችል ነው ብል በቂ ነበር፤ ሐሰትም አይሆንም። ሻንጣዬን አስቀምጬ ግን ስለ ጠርሙሱ፣ ስለ ሽማግሌው ሚስት፣ ሩት ስለ እኔ ስለተናገረችው ሁሉንም ነገርኳት። እናቴ አፏን ይዛ አዳመጠችኝ፤ ከዚያ ለአክስቴ ልትደውል ስልኳን አነሳች። የሩት ውዳሴ ከሳሎን እስከ መኝታ ቤቴ ይሰማ ነበር።

ጉዞው ምን አስተማረህ ለሚለኝ፦ ቅናቴን ይዤ ሄድኩ፤ ይዤውም ተመለስኩ። ውሸት ግን አልጨመርኩበትም።