ለእስስቷ የሰጠሁት ኮሶ

አምኖኝ ነበር ወይስ እያወቀ ተወኝ?

ይህን ጥያቄ ዛሬም መመለስ አልቻልኩም። የጻፈልኝን አራት ደብዳቤዎች በቃሌ ይዣቸዋለሁ። አንዳንድ ቀን አምኖኛል ብዬ እውላለሁ፤ በማግስቱ ያንኑ ዐረፍተ ነገር እንደገና አስበውና አይ፣ ገብቶታል እላለሁ። የሚያስረዳኝ ሰው የለም፤ ሊኖርም አይችልም።

ትምህርት ቤት የገባሁት ዘግይቼ ነው። በልጅነቴ ተድሬ፣ ከባሌ ተፋትቼ ላሊበላ እናቴ ቤት ከተመለስኩ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል ቆጠርኩ። ከዚያ መደበኛው ትምህርት ቤት ገባሁ። ስድስተኛ ክፍል ስደርስ ሃያ ዓመት አልፎኝ ነበር። አብረውኝ የሚማሩት ልጆች «እትዬ» ይሉኛል፤ ገሚሱ በአክብሮት፣ ገሚሱ በፌዝ። ማንበብ ዘግይቶ የመጣለት ሰው የተጻፈን ነገር እንዴት አድርጎ እንደሚያምን እኔ አውቃለሁ። እናቴ የምትናገረው ለእኔ ወሬ ነበር። በቀለም የሰፈረው ግን እውነት ነበር።

የሳይንስ መምህራችን የወገል ጤና ከተማ ተወላጅ ነበር፤ ከግቢያችን አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖራል። እስስቱን ያገኘው በገነተ ማርያም መንገድ ላይ፣ ሰዎች በድንጋይ ሊጨርሱት ሲሉ ነው። የሳሙና ሳጥን ፈልጎ፣ ፊቱን በወንፊት ሽቦ ሸፍኖ፣ ውስጡ የወይራ ቅርንጫፍ አቁሞ ቤት ሠራለት። ክፍል አምጥቶ ዐይኖቹ ለየብቻቸው እንዴት እንደሚዞሩ ሲያሳየን ከተማሪው ግማሽ ያህሉ ወደ በሩ ሸሸ። እኔ ተጠጋሁ። ደፋር ሆኜ አይደለም። በመጽሐፉ ያለው ሥዕል ልክ መሆኑን ማየት ፈልጌ ነው።

ወደ ጦር ግንባር የዘመቻ ጥሪ የደረሰው ከመስቀል በኋላ ነው። ሊሄድ ሲል ሳጥኑንና አንድ ደብተር ይዞ እኛ ቤት መጣ።

«አንቺ ነሽ የምትችይው» አለኝ። «ሌላው ወይ ይፈራዋል ወይ ይረሳዋል።»

«እስከ መቼ ነው፣ ጋሼ?»

«እስክመለስ ነዋ! ብትገድይው ግን ሳይንስ ትወድቂያለሽ።»

እሱ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ ቃሉን እንዳለ ነው የወሰድኩት።

ደብተሩ በማስመሪያ የተሰመረ ሠንጠረዥ ነበረው። በግራ የበሽታው ምልክት፣ በቀኝ የሚደረገው ነገር። ከላይ «እስስት፣ ወንድ» ተብሎ ተጽፏል። በጥቅምት የእስስቱ ዐይኖች ወደ ውስጥ ጎደጎዱ። በጣሳ ውኃ ባስቀምጥለት ዞር ብሎም አላየው። ደብተሩን ገለጥኩ። «ዐይኑ ከጎደጎደ ጠምቶታል። የቆመ ውኃ አይጠጣም፤ ቅጠሉ ላይ ርጪለት፣ ጠብታውን ይልሳል» ይላል። ረጨሁለት። ጠብታ በጠብታ እየላሰ በሦስተኛው ቀን ዐይኖቹ ሞሉ። በኅዳር የፊት እግሮቹ እንደ ለጋ እንጨት ጎበጡ። «የእንቁላል ቅርፊት አድቅቀሽ ፌንጣው ላይ ነስንሺ» ይላል ደብተሩ። ነሰነስኩ። የገና በዓል ሳይደርስ ቅርንጫፉን ጠበቅ አድርጎ መያዝ ጀመረ። ከዚያ ወዲያ ሌላው ሰው ዳዊት እንደሚደግም እኔ ያን ደብተር እደግም ነበር።

ጠላ የምትሸጥ ጎረቤታችን ሳጥኑን ባየች ቁጥር ታማትባለች።

«እንትፍ፣ እንትፍ! አበስኩ ገበርኩ! ይኸን ጉድ ከሰው ጋር ታሳድሪዋለሽ?»

«ምን አደረገሽ?» ትላታለች እናቴ።

«መልኩን ሲቀያይር አላየሽም? ለቀበሌው ሊቀ መንበር አስተዋውቁት፤ ይግባባሉ።»

እናቴ ደንግጣ በሩን ትዘጋለች። ከዚያ ሁለቱም ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ይስቃሉ። ቤታችን ውስጥ ሳቅ የተሰማባቸው የመጨረሻዎቹ ወራት እነዚያ ይመስሉኛል።

በጥር ሆዱ መነፋት ጀመረ። መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ወፈረ ብዬ። ቀጥሎ መብላት ተወ። ከቅርንጫፉ ወርዶ የሳጥኑን ወለል በእግሮቹ ይጭራል፣ ይደክመዋል፣ ደግሞ ይጭራል። መልኩ ጠቆረ። ደብተሩን ገለጥኩ። በግራው በኩል «ሆድ ከተነፋ፦ ትል ሊሆን ይችላል» ይላል። በቀኙ ምንም አልተጻፈም። በዚያ ሁሉ መስመር መካከል ባዶ የተተወው እሱ ብቻ ነበር።

ያየሁትን ሁሉ ዘርዝሬ ለመምህሩ ጻፍኩ። የሆዱን ስፋት በክር ለክቼ ክሩን ፖስታው ውስጥ ከተትኩት። ደብዳቤ የሚመጣው በቀበሌው ጽሕፈት ቤት በኩል ስለሆነ ሦስት ሳምንት ሙሉ በየቀኑ ሄድኩ። ጸሐፊው ከሩቅ ሲያየኝ ራሱን ይነቀንቃል። በአራተኛው ሳምንት እስስቱ መቆም አቃተው። በአገራችን ሆድ ውስጥ ትል ያለበት ምን እንደሚጠጣ ደግሞ የማያውቅ የለም።

«እማዬ፣ ኮሶ ውቀጭልኝ።»

«ያዘሽ እንዴ?»

«ለእኔ አይደለም።»

ዐይኔን ተከትላ ወደ ሳጥኑ አየች። እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። «ለእስስት ኮሶ! ከዚያስ ምን ልናጎርሰው ነው፣ በሶ?» ጎንበስ ብላ ስታየው ግን ሳቋን አቆመች። «አንች ልጅ፣ ይቺ እርጉዝ እንዳትሆን።»

«ወንድ ነው።»

«ማን አለ?»

«ደብተሩ።»

«ደብተሩ ገልቦ አይቷል?»

«መምህሩ የጻፈውን አንቺ ልታርሚ ነው?» አልኳት።

ፊደል የማታውቅ እናቴን እንዲህ አልኳት። ኮሶውን ወቅጣ፣ ዘፍዝፋ፣ አጥልላ ሰጠችኝ እንጂ ሌላ ቃል አልተነፈሰችም። እርጉዝ ሴት ኮሶ እንደማትጠጣ፣ ከጠጣችም እንደሚያስወርዳት፣ እኛ አገር ያለች ሴት ሁሉ ታውቃለች። እኔም አውቅ ነበር።

ጠዋት፣ እንደ ሰው በባዶ ሆዱ፣ በዶሮ ላባ ጫፍ አድርጌ ሦስት ጠብታ ሰጠሁት። አፉን አልከፍትም ሲል በጥፍሬ ከፈትኩት። ረፋዱ ላይ ሁለቱንም ዐይኖቹን ጨፈነ። «በቀን ዐይኑን ከጨፈነ አደጋ ነው» ይላል ደብተሩ። ፀሐይ ላይ አወጣሁት፤ ውኃ ረጨሁለት፤ ጠብታው በተዘጋው አፉ ላይ ወረደ። በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ሞተ። አንደኛው ጎኑ ነጥቶ፣ ሌላኛው እንደጠቆረ ቀረ።

ያኔ ያደረግሁትን ለመጻፍ እጄ ይከብዳል። በምላጭ ከፈትኩት። ትሉን አግኝቼ፣ መልኩንና ርዝመቱን በባዶው ቦታ ልጽፍ ፈልጌ ነው። ትል አልነበረም። ነጫጭ ለስላሳ እንቁላሎች እንደ መቁጠሪያ ተደርድረው ሆዷን ሞልተውታል። ቆጠርኳቸው፤ ሃያ አንድ። ደግሜ ቆጠርኩ። ስትጭር የነበረው የምትጥልበት አፈር ፈልጋ ነው። እኔ ጣውላ ላይ ነበር ያስቀመጥኳት።

እናቴ በሩ ላይ ቆማ አየች። «አላልኩሽም?» አላለችም። ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። ከአሮጌ ነጠላዋ ቀድዳ ቁራጭ ሰጠችኝ፤ ጠቅልዬ ከአጥሩ ሥር ቀበርኳት።

የመምህሩ መልስ የደረሰው ከዚያ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት ነው። «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» ይላል። «ከምልክቱ ሴት ናት፤ ልትጥል ደርሳለች። ሳጥኑን እርጥብ አፈር ሙዪላት፣ አንድ ስንዝር ያህል፤ ሌላ ምንም አታድርጊ። የላክሽውን ክር ምሽግ ውስጥ ላሉት ሁሉ አሳየኋቸው። ስንት እንደምትጥል ተወራርደዋል፤ እኔ አሥራ ስምንት ብያለሁ። ቶሎ ጻፊልኝ፣ ሌላ የምናወራው ነገር አጥተናል።»

«ሌላ የምናወራው ነገር አጥተናል» የሚለውን ብዙ ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ወረቀት አወጣሁና በንጹሕ እጅ ጽሑፍ ጻፍኩ፦ «አፈር አደረግሁላት። ሃያ አንድ ጣለች። እርሷም ደኅና ናት።»

ቁጥሩ እውነት ነበር። በደብዳቤው ውስጥ እውነት የነበረው እሱ ብቻ ነው።

ውሸት ከጀመሩት በኋላ ትክክል ሆኖ መገኘት አለበት። አፈሩን በስንት ቀን እንደማረጥበው ጻፍኩ። ዐይኗ ጎድጉዶ እንደነበረና ውኃ ስረጭላት እንደዳነ ጻፍኩ፤ የጥቅምቱን ገልብጬ። ክረምቱ ሲወጣ አሥራ አራቱ ተፈለፈሉ አልኩ። ሰባቱን የተውኩት ሁሉም ቢፈለፈሉ እንዳይጠረጥር ነው። ደብተሩ ላይ ግን አንድም ቃል አልጨመርኩም። እናቴ ስጽፍ እያየች ታልፋለች። አንድ ጊዜ ብቻ «ደኅና ናት አልሽው?» አለችኝ። ፖስታውን አሸግሁ።

አራተኛው ደብዳቤ አጭር ነው። «ልጆቿን ሳጥን ውስጥ አታቆዪያቸው፤ ልቀቂያቸው። ከእንግዲህ ስለ እነሱ አትጻፊልኝ። ስለ ራስሽ ጻፊ።»

ለምን አትጻፊልኝ አለ? ደክሞት ይሆን? ወይስ ገብቶት፣ እንዳላፍር በሩን ክፍት ትቶልኝ? እውነቱን ልጽፍለት ተቀመጥኩ። «ጋሼ፣ አንድ ያልነገርኩህ ነገር አለ» ብዬ ጀመርኩ። ዐረፍተ ነገሩ አልጥም አለኝ፤ ቀደድኩት። ሌላ ጻፍኩ፤ ቀደድኩት። እንዲህ ስል ኅዳር አለቀ።

ለገና ሰው ከየአገሩ ወደ ላሊበላ ሲጎርፍ፣ አንዲት ሴት ከተሳላሚዎቹ ጋር ተቀላቅለው ግቢያችን ገቡ። ጥቁር ለብሰዋል፤ ጠጉራቸውን ተላጭተዋል። ከመናገራቸው በፊት ማን እንደሆኑ አወቅሁ፤ አገጫቸው የእሱ ነበር።

«የልጄን ተማሪ ነው የምፈልግ።»

«እኔ ነኝ እማማ። ይግቡ።»

እናቴ እግራቸውን አጠበች። ከወገል ጤና ድረስ በእግር ነው የመጡት። ከብብታቸው በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አወጡ፤ የእኔ ደብዳቤዎች ነበሩ።

«አብሮት የነበረ ሰው ነው ሻንጣውን ያመጣልኝ» አሉ። «የሰፈራችን ዲያቆን አነበበልኝ። ያስቀመጣት እስስት ወለደች ይላል። ሰው ሳቀብኝ፣ በእስስት ልትጽናኚ ነው ወይ ብሎ። ይሳቅ። ሚስት አላገባልኝ፣ ልጅ አልተወልኝ። እጁ የነካው ነገር በሕይወት አለ ሲሉኝ ጊዜ ላየው መጣሁ። አንዷን ትሰጭኛለሽ?»

ለቀቅኳቸው ማለት እችል ነበር። ልቀቂያቸው ያለበት ደብዳቤ እኔ ጋ ነው፤ ማንም አይጠይቀኝም። እናቴ የመታጠቢያውን ሳህን ይዛ በሩ ላይ ቆማ፣ ኮሶውን የሰጠችኝ ቀን በነበረው ዝምታ አየችኝ።

«እማማ፣ አልወለደችም» አልኩ። «ኮሶ አጠጥቼ ገደልኳት። ለእሱ የጻፍኩት ሁሉ ውሸት ነው።»

ደብዳቤዎቹን መልሰው በላስቲኩ ጠቀለሉ።

«ሃያ አንዱስ?»

«ሆዷን ከፍቼ ቆጠርኳቸው።»

«እሱ ያውቅ ነበር?»

«አላውቅም፣ እማማ።»

«አያውቅም» አሉ። ቆየት ብለው ደግሞ «አይ፣ እሱን ማን ያታልለዋል» አሉ። ከዚያ ደግሞ ራሳቸውን ነቀነቁ። «የጻፈልሽ ካለ እስኪ አንብቢልኝ። የመጨረሻውን።»

አወጣሁና አነበብኩላቸው። «ስለ ራስሽ ጻፊ» የሚለው ላይ ስደርስ እጃቸውን አነሡ።

«ጻፍሽለት?»

«አልጻፍኩለትም።»

ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። እናቴ ሳህኑን አስቀምጣ አጠገባቸው ተቀመጠች። ከውጭ የተሳላሚዎቹ ዝማሬ ይሰማ ነበር፤ እኔ ደብዳቤውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።