ጀሪካን የሚበሱት አጎቴ

አጎቴ መካነ ሰላም ከተማ የጭነት መኪና ሲጠግኑ ኖሩ። የሞተር ቅባት የሚያጥቡበት ኬሚካል ባለቀ ቁጥር ባዶውን ጀሪካን በሚስማር ይበሱታል። ውኃ የሚቀዱ ጎረቤቶች «ጋሼ፣ አጥበን እንጠቀምበት» ሲሏቸው፣ «ፕላስቲኩ ጠጥቶታል፤ ታጥቦ አይለቅም። ጉበት ይጨርሳል» ይሉ ነበር።

ትናንት ቀበርናቸው። ዛሬ ወደ ጋራዡ ብቅ ብል፣ ታመው ሳይበሱት የቀረው አንድ ጀሪካን ከቦታው ጠፍቷል። ሮጬ ለቅሶ ቤት ተመለስኩ። ጎረቤት ለእንግዳው ውኃ የቀዳባቸው ጀሪካኖች በር ላይ ተደርድረዋል። እየከፈትኩ አሸተትኩ፤ ሰው አበደች ብሎ ያየኛል። ከአንዱ ያ ጣፋጭ ሽታ፣ የቱታቸው ሽታ፣ ወጣ። እሳቸው አጠገቤ የቆሙ መሰለኝ። ውኃውን ደፋሁት።

ባለቤታቸው ከተቀመጡበት ተነሱ። የአጎቴን ሚስማርና መዶሻ አምጥተው ሰጡኝ።