ቀዳ የሌለበት ረመዳን

ልጄ ከዐረብ አገር በገባች በመጀመሪያው ረመዳን አንድም ቀን ሳታጎድል ጾማ ጨረሰች። እኛ ዘንድ ሴት የወር አበባዋ ሲመጣ ጾሙንም ሶላቱንም ትተዋለች፤ የጎደለውን ጾም ኋላ ቀዳ ታወጣለች። እሷ ምንም ቀዳ አልነበረባትም። መጀመሪያ ደስ አለኝ። የዒድ ለት ሰሀን እያጠብን ሳለ ነው ነገሩ ሆዴ የገባው።

«ለጾሙ ብለሽ የሚያቆም ኪኒን ወስደሽ ነው?» አልኳት።

«አልወሰድኩም። ከቀረ ቆየ እኮ እማ። ሥራው ነው፣ ድካሙ ነው ብዬ ተውኩት።»

ዐይኔ ወደ ሆዷ ሲሄድ ያዘችኝ።

«ምን ታይኛለሽ? ያለ ባል ማርገዝ አልተማርኩም» ብላ ሳቀች።

እኔ አልሳቅሁም። የኒካዋ ቀን ተቆርጧል። የሚያገባት ልጅ የውጫሌ ነው፤ እናቱ ባገኘችኝ ቁጥር የምታወራው ስለምታቅፈው የልጅ ልጅ ነው።

ደሴ ይዣት ሄድኩ። ሐኪሟ ልጅ እግር ሴት ናት። እርግዝና አለመሆኑን አይታ ደም አስቀዳች። ውጤቱ ሲመጣ ወንበሯን ወደኔ አስጠጋች።

«እናቴ፣ እንቁላል የሚያፈራውን ክፍል የሚያዘው ከአንጎል የሚመጣ ሆርሞን ነው። ያ ክፍል ሲደክምና አልሰማ ሲል፣ አንጎል እየጮኸ ይጠራዋል። እኛ የምንለካው ጩኸቱን ነው። የልጅዎ በጣም ከፍ ብሏል። የወር አበባዋ የተቋረጠ፣ በእርስዎ ዕድሜ ያለች ሴት ውጤት ነው የሚመስለው።»

የኔ በዚያው ዓመት ነበር የቀረው።

«በአንድ ምርመራ አንፈርድም» አለች ቶሎ ብላ። «ከፍ ዝቅ ይላል። ከወር በላይ ቆይተን እንደግመዋለን። እስከዚያ ሆርሞን ያለበት መድኃኒት እንዳትነካ።»

ያን ጊዜ እንዴት እንዳሳለፍኩት አላህ ያውቃል። ልጄን አፍ አውጥቼ መጠየቅ ፈራሁ፤ እና ሶላቷን እጠብቅ ጀመር። ለሶላት ውዱእ ልታደርግ ውሃ ስትቀዳ ባየሁ ቁጥር፣ ምናለ ዛሬ እንኳ ባትሰግድ፣ እላለሁ። እናት ለልጇ እንዲህ ትመኛለች? አስተግፊሩላህ እላለሁ፤ ደግሞ ያንኑ እመኛለሁ።

አንድ ቀን ሱብሒ ሳትነሳ ቀረች። ፀሐይ ወጣ፣ አልተነሳችም። ሮጬ ገባሁ።

«መጣልሽ?»

«ማን?»

«ሶላት ትተሻላ!»

«ኧረ እማ! ሙቀቱ ሲያቃጥለኝ አድሮ እንቅልፍ ጣለኝ እንጂ!» ዘላ ተነሳች። «ወላሂ፣ ልጇ ሱብሒ አመለጣት ብላ የምትፈነጥዝ እናት ካንቺ በቀር አላየሁም።»

ሳቀች፤ ሳቋ ግን መሀል ላይ ተሰበረ። ለካ እሷም ትጠብቅ ኖሯል።

ሁለተኛው ደም እንደ መጀመሪያው ሆነ። ሐኪሟ፣ «ፈጽሞ አትወልድም አልልም፤ አንዳንዴ ራሱ ይነቃል። ግን ከባድ ነው» አለችን። አጥንቷ እንዳይሳሳ መድኃኒት ጻፈችላት፤ እዚያው ገዛን።

ወደ ከተማችን ወደ ሐይቅ ተመለስን። መኪናው ትቶን ሲሄድ ክንዷን ያዝኳት።

«ለማንም እንዳትናገሪ። ኒካው ይለፍ፣ ከዚያ አላህ ያውቃል።»

«ለእሱማ እነግረዋለሁ። ደብቄው ነው የማገባው?»

«እናቱን አታውቂያትም!»

«እኔ የማገባው እናቱን ነው? አብሽሪ፣ አይዞሽ።»

ከመንገዱ ወጣ ብላ ደወለችለት። ጀርባዋን ነው የማየው፤ የምትለው አይሰማኝም። ብዙ አልቆየችም።

«ምን አለ?»

«ሐኪሟ እርግጠኛ ናት ወይ? አለኝ።»

«ከዚያስ?»

«ነገ እመጣለሁ አለ።»

«ለምን እንደሆነ አልጠየቅሽውም?»

«ፈራሁ፣ እማ» አለች።

እኔም ደግመሽ ደውዪ ለማለት አልደፈርኩም። መድኃኒቱን ተቀብያት፣ ጎን ለጎን ወደ ቤት መንገድ ጀመርን።