ቆጣሪ አጥፍቼ ኮከብ ፍለጋ

ቡታጅራ፣ ጠዋት

ያን ቀን ከቤት ስወጣ ቆጣሪውን አጠፋሁ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ «ቤት ስትዘጉ መብራት አጥፉ» እያልኩ ተማሪ ሳሰለች የኖርኩ ሰው ነኝ። ቁልፉን ኪሴ ከትቼ፣ ቆጮ ታቅፌ ወደ ጉብሬ ተነሳሁ። የልጅ ልጄ ሕይወት በማግስቱ እዚያ ባለው ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ሥራዋን ታቀርባለች።

ሥራዋ እንዲህ ነው። ባሕር ማዶ ያለ የራዲዮ ቴሌስኮፕ ከሰማይ የሰበሰበው ጫጫታ ለፈለገ ሁሉ በነጻ ተለቋል። ጫጫታው ውስጥ እንደ ልብ ትርታ የምትመታ ኮከብ አለች። እሷን ለይቶ ማውጣት ለአንድ ኮምፒውተር ብቻ ቢተው ሕይወት ሳትመረቅ ታረጃለች። ስለዚህ ዳታውን ቆራርጣ ለጓደኞቿ፣ ወልቂጤ ላለ ፎቶ ቤት፣ ለእኔም አሮጌ የጠረጴዛ ኮምፒውተር አከፋፈለችው። እያንዳንዱ ድርሻውን ፈትሾ በኢንተርኔት ይልክላታል። የእኔ ሥራ አለመነካካት ብቻ ነበር።

አገና፣ ምሳ ሰዓት

ሚኒባሱ የዘቢዳርን ዳገት እያቃሰተ ወጣ። ረዳቱ ቆጮዬ ወንበር ይዟል ብሎ ሒሳብ ሲጠይቀኝ ጭኔ ላይ አወጣሁትና ታረቅን። ላይ ጭጋግና ገብስ፣ ቁልቁል ስንወርድ እንሰት። አገና ላይ ጎመን በአይብ ቀርቦልኝ ሳለ ስልኬ ጠራ።

«አባባ፣ ኮምፒውተርህ ዝም አለ» አለች ሕይወት።

«መብራት ሄዶ ይሆናላ» አልኳት። ይህን የማያምን የለም። ወዲያው እጄ ኪሴ ውስጥ ቁልፉን ነካ። ቆጣሪውን ያጠፋሁት እኔው መሆኔን ነገርኳት።

ወደ ቡታጅራ የሚመለስ መኪና ብጠይቅ ነገ ነው አሉኝ።

ወልቂጤ፣ ወደ ማታ

ሕይወት ጉብሬ ጠብቃ ወደ ወልቂጤ ወሰደችኝ። መንገዱን ሙሉ አልተቆጣችኝም፤ እሱ ባሰብኝ። የጓደኞቿ ማሽኖች በየድርሻቸው ተጠምደዋል። የእኔን ድርሻ ሊቀበል የሚችለው የራሱን የጨረሰው የፎቶ ቤቱ ብቻ ነው፣ እሱንም ባለቤቱ ኑረዲን ሱቅ ሲዘጋ ያጠፋዋል። ካጠፋው ነገ የምታቀርበው የላትም።

ኑረዲን የሰርግ ቪዲዮ ላይ ነበር። ሰላምታ ተሰጣጥተን ማሽኑን ለሌሊቱ እንዲተውልን ስንለምነው ሙሽሮቹ ነገ ይመጡብኛል አለ። ደግሞስ የእርስዎ ኮምፒውተር ምን ሆኖ ጠፋ ብሎ ጠየቀኝ። ነገርኩት። እስኪበቃው ሳቀና ቪዲዮውን ዘጋ፤ ማሽኑን ለሕይወት ለቀቀላት። ስለ ክፍያ ሳነሳ ግን ፊቱ ተለወጠ።

«ይሄ ወንፈል ነው፣ ጋሼ። እንሰት ስተክል መጥተው ይቆፍራሉ።»

«በዚህ ወገብ?»

«በሌላ ሰው ወገብማ አልተዋዋልንም።»

ጉብሬ፣ በማግስቱ

ጠዋት ስክሪኑ ላይ፣ ከዚያ ሁሉ ጫጫታ መሃል፣ እኩል የተራራቁ ምቶች ብቅ አሉ። ኮከቧ በሊቃውንቱ ዘንድ ድሮም የታወቀች ናት። ቢሆንም እኛም አገኘናት።

ሕይወት አቅርባ ስትጨርስ አንዱ መምህር ከማሽኖቹ አንዱ መሃል ላይ ቢጠፋ ምን ይሆናል አሏት። እሷ ወደ ኋላ ወንበር አየች።

«ሞክረነዋል፤ ድርሻው ወደ ሌላው ይተላለፋል። ሙከራውን ያካሄዱልን እዚያ ተቀምጠዋል።»

ተነስቼ እጅ ነሳሁ። ምን አደርጋለሁ?

ቡታጅራ፣ ከተመለስኩ በኋላ

ቆጣሪውን ሳበራ ኮምፒውተሬ ተነስቶ ድርሻውን ጠየቀ። ሥራው አልቋል የሚል መልስ መጣለት፤ አሳዘነኝ። ብዙ እጅ የያዘውን ሥራ አንድ ሞኝ እንደማያስቆመው ተምሬ መጣሁ። ሞኙ ያልተሸከመውን ግን ሌላ ሰው ይሸከምለታል።

ትናንት ኑረዲን ደውሎ ነበር፣ የእንሰቱ መትከያ ደርሷል። ስለ ወገቤ ገና መናገር ስጀምር፣ ቀላል ዶማ አዘጋጅቼልዎታለሁ አለ። እስካሁን አልሄድኩለትም። ስሄድ ግን ቆጣሪውን አልነካም።