የእማዬ ነጠላ ጥለት

ለሠርጌ የተገዛውን ነጠላ ስዘረጋው የአዲሱ ጥጥ ሽታ መርሳ ወዳለው የልጅነት ግቢያችን መለሰኝ።

ስምንት ዓመቴ ነበር። አባዬ በመታት ማግስት እማዬ ግንባሯ እንዳበጠ ከንስሐ አባቷ ቤት ተመለሰች። ነጠላዋን ገልብጣ ጥለቱን ወደ አንገቷ አደረገችው፤ ለቅሶ ቤት እንደሚሄድ ሰው።

«ማን ሞተ?» አልኳት።

«ማንም አልሞተም። በቁርባን ያገባች አትፋታም፤ ቻዪው አሉኝ አባ።»

አባዬ ምሳ ጠየቀ። ነጠላዋን ሳታስተካክል አቀረበችለት። ሳምንቱን ሙሉ እንዲያው ለበሰችው፤ እሱ አንድ ቀን እንኳ ማን እንደሞተ አልጠየቃትም።

አሁን እማዬ አዲሱን ነጠላ ከእጄ ተቀብላ ጥለቱን ወደ ታች አድርጋ ትከሻዬ ላይ ጣለችልኝ።

«በቁርባን ነው የምንጋባው» አልኳት።

እጇን ከትከሻዬ ሳታነሳ፣ «ሲቆጣ አይተሽው ታውቂያለሽ?» አለችኝ።