አያቴና ጋሽ ደምሴ ተቆራኝተው ዋሉ

ይህን የምጽፈው አያቴና ጎረቤታችን ጋሽ ደምሴ ቀኝ እጅ ለቀኝ እጅ በነጠላ ታስረው ምሳ ሲበሉ እያየሁ ነው።

ሁለቱ ድንበር ላይ በበቀለ አንድ ባሕር ዛፍ የተነሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ተኳርፈዋል። (ባሕር ዛፉ ራሱ ከደረቀ ቆይቷል።)

ዛሬ ከደብረ ብርሃን የመጡ ፊልም ሠሪዎች እዚህ አንኮበር ተዋናይ ሲመርጡ ነበር። ታሪኩ የዛሬ መቶ አርባ ዓመት ገደማ ስለተሰረቀ በቅሎ ነው። ሽማግሌው ሁሉ ዳኛ ካልሆንኩ አለ፤ ሌባ የሚሆን ጠፋ።

አያቴ "ለሌባነትማ ደምሴ አለላችሁ!" አሉ።

ጋሽ ደምሴም "እሺ፣ ከሳሹ እሱ ከሆነ። ፊት ለፊት ይክሰሰኝ!" አሉ።

በድሮው ወግ ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ እስኪፈርድ ተቆራኝተው ነው የሚውሉት። ዳይሬክተሯም በራሷ ነጠላ አሰረቻቸው። ስለ በቅሎው አንድ ቃል ሳይወጣቸው ስለ ባሕር ዛፉ ተካሰሱ።

"በቃ፣ ግሩም ነው" ብላ ልትፈታቸው ስትል ሁለቱም በአንድ ድምፅ "ዳኛ ሳይፈርድ? ነውር ነው!" ብለው ጮኹባት። በስድስት ዓመት የተስማሙበት የመጀመሪያው ነገር ይኸው ነው።

ዳኛው ደግሞ ገና አልተመረጠም!

አሁን አያቴ በጎረሱ ቁጥር የጋሽ ደምሴ እጅ አብሮ ይመላለሳል። ቅድም አያቴ ወጡን ወጡን እያዩ "እጅህ እዚህ ድረስ ከመጣ አይቀር፣ ጉረስ" አሏቸው።

ጎረሱ።

እኔ ግራ ገብቶኛል፤ ዳኛ ልፈልግ ወይስ ቋጠሮውን ላጥብቅ? እናንተ ቤት የሽማግሌ ኩርፊያ በምን እንደተፈታ እስኪ ጻፉልኝ። ቶሎ በሉ፣ ዳይሬክተሯ ነጠላዋን እየጠበቀች ነው።